ከሦስት ወር መርፌ ወደ ብልት ቀለበት መቀየር፦ የምታውቁ አስረዱኝ

ማራኪ 29፦

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሆርሞን ቀለበት ነው፤ ብልት ውስጥ ስለሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ። ጎንደር ላይ ሰው የሚያውቀው መርፌውን፣ የክንዱን፣ ሉፑንና እንክብሉን ስለሆነ እዚህ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ዕድሜ 29፤ ሲጋራ የለም፣ የታወቀ በሽታ የለም፣ ልጄ ጡት ከተወ ቆይቷል። አሁን የሦስት ወር መርፌ ላይ ነኝ፤ ቀጣዩ ቀጠሮ መስከረም 19 ሰኞ ነው። ኑቫሪንግ የሚባለው ቀለበት 4 ፍሬ ከውጭ መጥቶልኛል። ከፋርማሲው ፍሪጅ የወጣው ነሐሴ 1 ነው፤ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

መቼ ላስገባው? መርፌው እስኪያልቅ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ? ቁም ሣጥን ውስጥ መቀመጡስ ያበላሸዋል? ቢወድቅ ምን ይደረጋል? ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው? ደግሞ ሦስት ሳምንት ገብቶ አንድ ሳምንት ይወጣል የሚለውን አነበብኩ፤ በእኛ ቀን አቆጣጠር እንዴት እንደሚያዝ ግን አልገባኝም። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

አዋላጅ ከአዘዞ፦

እንኳን አብሮ አደረሰን እህቴ። ከማስገባቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ቀለበቱ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አለው፤ የሦስት ወር መርፌው ግን የለውም። ስለዚህ «መርፌው ተስማምቶኛል፣ ይኼም ይስማማኛል» ብሎ መጀመር አይቻልም። ኤስትሮጅን ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው ቀድሞ መለካት ያለበት የደም ግፊት ነው። በአቅራቢያሽ ባለው ጤና ጣቢያ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ ቀለበቱን አትጀምሪ፤ ኤስትሮጅን የሌለው ዘዴ ይመረጣል።

ከዚህ ሌላ ቀለበት የማይሆናቸው፦ እግር ወይም ሳንባ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያለባት፣ የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፣ 35 ዓመት ሞልቷት የምታጨስ፣ እንዲሁም ማይግሬኗ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚታያት ሴት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ተራ ራስ ምታት አይደለም፤ ብልጭታው ካለ በስትሮክ የመያዝ አደጋው ስለሚጨምር ቀለበቱ ፈጽሞ ይቅር። የወለደች ሴት ደግሞ ጡት የምታጠባ ከሆነ ስድስት ወር እስኪሞላት ሌላ ዘዴ ብትጠቀም ይመረጣል፤ ከ6 ሳምንት በፊትማ አይሞከርም።

ይኼን ሁሉ አልፈሻል እንበል። ቀለበቱ ላስቲክ መሳይ፣ የሚታጠፍ፣ ቀለም የለሽ ነገር ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 54 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ ኢቶኖጀስትሬል 11.7 ሚሊ ግራም እና ኢትኒል ኢስትራዲዮል (ኤስትሮጅኑ ይኼ ነው) 2.7 ሚሊ ግራም አለው፤ በየቀኑ የሚለቀው ግን ከመጀመሪያው 120 ማይክሮ ግራም፣ ከሁለተኛው 15 ማይክሮ ግራም ያህል ብቻ ነው። ኢቶኖጀስትሬል ያው ክንድ ላይ በሚቀበረው በኢምፕላኖን ውስጥ ያለው ሆርሞን ነው። ዋና ሥራው እንቁላል እንዳትወጣ ማድረግ ነው፤ በተጨማሪም የማህፀን በር ፈሳሹን ያወፍራል።

የምትጀምሪበት ቀን፦ ከመርፌ የምትቀይር ሴት ቀለበቱን የምታስገባው ቀጣዩን መርፌ በምትወጋበት ቀን ነው። የአንቺ መስከረም 19። የመድኃኒቱ ወረቀት ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ኮንዶም ጨምሩ ይላል፤ እኔም እንደዚያው አድርጊ እላለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ከኢምፕላንት ወይም ከሉፕ የምትቀይር በወጣላት ዕለት ታስገባለች። ምንም ሆርሞን ያልነበራት ደግሞ የወር አበባዋ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ታስገባለች፤ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ከሆነ 7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል።

አገባቡ እንዲህ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ አድርቂ። ፎይሉን ዳሩ ላይ ካለችው ስንጥቅ ጀምረሽ ቅደጂ፤ ፎይሉን ግን አትጣዪው፣ አሮጌው ቀለበት የሚጣለው በእሱ ተጠቅልሎ ነው። ቁጢጥ ብለሽ፣ ወይም አንድ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርገሽ፣ ወይም በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ቀለበቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጎኑንና ጎኑን ጫን አድርገሽ አጥብበሽ አስገቢው። የት እንደተቀመጠ መጨነቅ የለም። እንደ ድሮው ዲያፍራም የማህፀን በርን መክደን አይጠበቅበትም፤ ሆርሞኑ በብልት ግድግዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ ጠመም ቢል፣ ዞር ቢል ለውጥ የለውም። ከተሰማሽ ወይም ከቆረቆረሽ ገና አፉ ላይ ነው ማለት ነው፤ በጣትሽ ገፋ አድርጊው። ስትራመጂ ሊታወቅሽ አይገባም።

ይጠፋል የሚባለው ስህተት ነው። የብልት የውስጥ ጫፍ ዝግ ነው፤ የማህፀን በር ቀዳዳ ይኼን የሚያህል ቀለበት አያሳልፍም። አንድ የሚያሳስብ ስህተት አለ፣ እሱም ብዙ የማይደርስ ነው፦ በሽንት ቀዳዳ በኩል ማስገባት። ካስገባሽ በኋላ ሽንት ሲያቃጥልሽ ወይም ሲከለክልሽ፣ ቀለበቱም በጣት ስትፈልጊው ካጣሽው ሐኪም ጋ ሂጂ።

ለማውጣት ሌባ ጣትን ጠምዘዝ አድርጎ ከቀለበቱ ሥር ማግባትና ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ስታወጪ ደም ካየሽ፣ ጠንከር ያለ ሕመም ካለ ወይም አልወጣ ካለ አትታገዪው፤ ጤና ጣቢያ ያወጡልሻል።

አሁን ወደ ቀኑ። በጣም ላሰምርበት የምፈልገው ይኼን ነው፤ ቀለበት የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራ ላይ ነው። 21 ቀን ውስጥ፣ 7 ቀን ውጭ፤ ድምሩ 28። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቀኑ በየዙሩ ሁለት ሁለት ወደ ኋላ ይመጣል። መስከረም 19 የገባ ጥቅምት 10 ይወጣል፣ አዲሱ ጥቅምት 17 ይገባል። «በየወሩ 19» ብሎ የያዘ ሰው ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ይሳሳታል። የሚያዋጣው የሳምንቱን ቀን መያዝ ነው። ሰኞ የገባ ሰኞ ይወጣል፣ አዲሱም ሰኞ ይገባል፤ ሁልጊዜ። ሰዓቱም ያው ይሁን፤ ማታ 2 ሰዓት ካስገባሽ ማታ 2 ሰዓት።

ከወር ወር ስትቆጥሪ ደግሞ ጳጉሜን አትርሺ። ነሐሴ 27 ቀለበቱን ያወጣች ሴት አዲሱን የምታስገባው ጳጉሜ 4 ነው። ጳጉሜን ዘልላ «ነሐሴ 30 ቀን ነው፣ ስለዚህ መስከረም 4» ካለች ያለ ቀለበት የቆየችው 7 ሳይሆን 12 ቀን ነው። ይኼ ቀላል አይደለም። እንቁልጢ (እንቁላል የሚያወጣው አካል) ተኝቶ የሚቆየው ሆርሞን እስካለ ነው፤ 7 ቀን ዕረፍት ይታገሣል፣ ከ7 ቀን በላይ ሲሆን ግን እንቁላል ማሳደግ ይጀምራል። ቀለበት በጊዜው ባለመውጣቱ ከሚመጣው ይልቅ በጊዜው ባለመግባቱ የሚመጣው እርግዝና ያሳስበኛል። ቀለበቱ 21 ቀን አልፎ እስከ 28 ቀን ውስጥ ቢቆይ ሆርሞኑ አላለቀምና ችግር የለውም፤ ታወጪዋለሽ፣ 7 ቀን ታርፊያለሽ፣ ትቀጥያለሽ። ከ28 ቀን ካለፈ ግን እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጠሽ አዲስ ታስገቢያለሽ፣ 7 ቀንም ኮንዶም።

ሰባቱን ቀን አሳልፋ የተገኘች ባስታወሰች ደቂቃ ታስገባ፣ 7 ቀን ኮንዶም ትጨምር። በእነዚያ ቀናት ግንኙነት ነበረ ከተባለ ፖስት ፒል በ72 ሰዓት ውስጥ፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእርግዝና የሽንት ምርመራ።

ፋርማሲ ፒያሳ፦

ሲስተር ጥሩ አድርገሽ አስረድተሻል። እኔ የምጨምረው ስለ አቀማመጡ ነው፤ ጠያቂዋ የጻፈችው ቀን እዚህ ላይ ስለሚያሳስበኝ።

ኑቫሪንግ ለተጠቃሚ እስኪሰጥ ድረስ ፋርማሲ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከፍሪጅ ወጥቶ ለሰው ከተሰጠ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ቢበዛ 4 ወር ይቆያል፤ ሣጥኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ከዚያ ከቀደመ ደግሞ በዚያው ያበቃል። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ቀጥተኛ ፀሐይ አይስማማውም።

አሁን እንቁጠር። ነሐሴ 1 ቀን 2017 ማለት በፈረንጅ ኦገስት 7 ነው። አራት ወር ሲደመር ዲሴምበር 7፤ ይኼ ኅዳር 28 ነው። በእኛ ወር ብቻ ብትቆጥሪ «ታኅሣሥ 1» ትይ ነበር፤ ጳጉሜ ናት ልዩነቱን ያመጣችው። በሲስተር አቆጣጠር ደግሞ የሚገቡት መስከረም 19፣ ጥቅምት 17፣ ኅዳር 15፣ ታኅሣሥ 13 ናቸው። ሦስቱ ከኅዳር 28 በፊት ስለሆኑ ደኅና ናቸው። አራተኛው ግን ጊዜው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በላይ በኋላ ነው የሚገባው። አትጠቀሚበት። መልኩ አይለወጥም፣ ሽታም አያመጣም፤ መበላሸቱን በዓይን አታውቂውም፤ ለዚህ ነው ቀኑን አጥብቄ የምናገረው። አሁን ወደ ፍሪጅ ብትመልሺውም የአራት ወሩ ቆጠራ እንደገና አይጀምርም።

ጎንደር አሁን በመስከረም ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ ጥላ ያለበት ቁም ሣጥን ይበቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር ያለ መደርደሪያ ላይ ከዚያ ያልፋል። በዚያ ወቅት ለሚኖረው ሰው ከታች፣ ከግድግዳው ቀዝቃዛ ጎን፣ ከምድጃና ከመስኮት የራቀ ቦታ ይሁን። ፍሪጅ ካለ በር ኪስ ላይ ወይም መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ አይገባም። ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ደግሞ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ሊያልፍ ስለሚችል መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ከጣሪያ ላይ ሻንጣ ጋር እንዳይጭነው። በረዶ ካለበት ሣጥን ይዞ ቢሄድ እንኳ ቀለበቱን ከበረዶው ጋር በቀጥታ አያገናኘው፤ በፎጣ ይጠቅልለው።

ሣጥኑ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ መሆኑንም አስተውሉ። 08/2026 የተጻፈበት ኦገስት 2026 ነው፤ ነሐሴ 2018 ላይ ያበቃል። ስምንተኛ ወር ነው ብሎ ሚያዝያ፣ ዓመቱንም አይቶ ገና ስምንት ዓመት አለው ያለ ሰው እንዳይሳሳት።

ሌላ ስም ያለው ቀለበት የደረሰው ካለ ከላይ ያልኩትን እንዳለ እንዳይወስደው። አኖቬራ የሚባለው ለምሳሌ አንዱ ቀለበት ለ13 ዙር፣ አንድ ዓመት ያህል ነው የሚያገለግለው፤ 21 ቀን ገብቶ ለ7 ቀን ወጥቶ ታጥቦ ያው ራሱ ይመለሳል፤ ፍሪጅም አይፈልግም። የእናንተ ወረቀት የሚለውን አንብቡ።

ማራኪ 29፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። የጳጉሜውን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ለግንኙነት ጊዜ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ቢወድቅስ ስንት ሰዓት ነው ገደቡ? ሁለተኛው፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው። በእናንተ ቆጠራ ጥር 4 የሚወጣ ቀለበት ካለ የወር አበባው በዓሉ ላይ ሊውል ነው። ታቦት አጅቦ ፋሲለደስ መዋኛ መውረድ፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት... ይኼን ማሳለፍ ይቻላል?

አዋላጅ ከአዘዞ፦

ለግንኙነት ማውጣት አያስፈልግም። ባል አንዳንዴ ሊታወቀው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጎረብጥ ነገር የለውም። የግድ ከወጣ 3 ሰዓት ሳይሞላው ታጥቦ ይመለስ። ይኼን ግን ልማድ አታድርጉት፤ አልጋ ጫፍ ላይ ተረስቶ ሲነጋ የሚገኝ ቀለበት አለ። ከግንኙነት በኋላ፣ ሆድ ድርቀት ይዞ ካማጠ በኋላ፣ ሞዴስ በብልት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ያንን ሲያወጣ፣ ቀለበቱ መኖሩን በጣት ማየት ነው። ማህፀን የመውረድ ችግር ያለባት ሴት ላይ በተደጋጋሚ ይወድቃል፤ ለእሷ ሌላ ዘዴ ይሻላታል።

ከወደቀ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። በፈላ ውኃ አይሆንም፤ ሳሙናና አልኮልም አያስፈልጉም። ከ3 ሰዓት በታች ከሆነ ውጭ የቆየው መልሶ ማስገባት ብቻ ነው፤ መከላከሉ አልተቋረጠም። ከ3 ሰዓት ካለፈ ስንተኛው ሳምንት ላይ ነሽ የሚለው ይወስናል። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ከሆነ መልሰሽ አስገቢው፣ 7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ፣ የሚወጣበት ቀን አይቀየርም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሆነ ያንን ቀለበት ጣዪው። ከዚያ ሁለት መንገድ አለሽ፦ ወይ ወዲያው አዲስ ታስገቢያለሽና አዲስ 21 ቀን ይጀምራል፤ ወይም ደሙን ትጠብቂና አሮጌው ከወደቀበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን ሳያልፍ አዲስ ታስገቢያለሽ። ሁለተኛው መንገድ የሚሆነው ከመውደቁ በፊት የነበሩትን 7 ቀናት ቀለበቱ ሳይቋረጥ ውስጥ ከነበረ ብቻ ነው። በሁለቱም 7 ቀን ኮንዶም። መቼ እንደወደቀ ካላወቅሽ ከ3 ሰዓት በላይ እንደቆየ ቁጠሪው።

ኮንዶም ስል የወንዱን ነው። የሴቷ ኮንዶም ከቀለበቱ ጋር ይጋጫል፤ አይመከርም።

አንዳንዴ ቀለበቱ የተገጣጠመበት ቦታ ላይ ተለያይቶ እንደ ገመድ ይዘረጋል። እንዲህ የተላቀቀ ቀለበት ሊወድቅ ይችላል። ተበጥሶ ከተገኘ መጣልና በአዲስ መተካት ነው።

ስለ ጥምቀት፦ ቀለበት ሲወጣ የሚመጣው ደም የተፈጥሮ ወር አበባ አይደለም፤ ሆርሞኑ ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከወጣ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ይጀምራል፤ አዲሱ ከገባም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ጥር 4 ብታወጪና ብታርፊ፣ አዎ፣ በከተራና በጥምቀት ላይ ሊውል ይችላል። ማሳለፊያው ቀላል ነው፦ ጥር 4 አሮጌውን አውጥተሽ በዚያችው ሰዓት አዲስ አስገቢ፤ እሱ ጥር 25 ይወጣል። ዕረፍቱን መዝለል መከላከሉን አያዳክምም፤ እንዲያውም የተረሳ ዕረፍት ስለማይኖር ያጠነክረዋል። ደሙ «ተጠራቅሞ ይጎዳል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ሆርሞኑ የማህፀኑን ግድግዳ ስስ ስለሚያደርገው የሚጠራቀም ነገር የለም። ሙሉ በሙሉ ግን ቃል አልገባልሽም። ዕረፍት ሲዘለል ነጠብጣብ ደም ያልታሰበ ቀን ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ከመርፌ ገና ለወጣች ሴት። ስለዚህ ዕረፍት መዝለሉን አስቀድሞ መሞከር የሚችል ሰው በኅዳር ወር ቢሞክረው ይሻላል።

ግን ይኼ ሁሉ ቀለበት ካለ ነው። ወንድሜ ከላይ እንዳለው የአንቺ አራተኛው ጊዜው ያልፋል።

ሳሙና በር፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ቲቢ መድኃኒት የጀመረች እህት አለችና ቀለበቱ ይሠራላታል? ደግሞ ኤችአይቪን የሚከላከል ቀለበት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያው ይኼ ነው?

ፋርማሲ ፒያሳ፦

ለቲቢዋ አይሆንም። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን በፍጥነት እንዲያጠፋ ያደርገዋል፤ ቀለበቱ በሆድ ዕቃ በኩል ስለማያልፍ ያመልጣል ማለት አይደለም፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚጠፋው። መድኃኒቱን ጨርሳ እስከ 28 ቀን ድረስም ውጤቱ ይቆያል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልም እንዲሁ ናቸው። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ የቀለበቱን ኢቶኖጀስትሬል በጣም ያወርደዋል፤ ዶሉቴግራቪር ግን ይኼ ችግር የለበትም። ለእነዚህ ሴቶች የሦስት ወር መርፌ ወይም ሉፕ ነው የተሻለው። አሞክሲሲሊንና የመሳሰለው ተራ አንቲባዮቲክ ቀለበቱን አይነካውም፤ የብልት ማሳከክ ሻማም መከላከሉን አይቀንሰውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አይደለም። ኤችአይቪን ለመከላከል የተሠራው ዳፒቪሪን ያለበት ሌላ ቀለበት ነው፤ እርግዝናን አይከላከልም። ይኼኛው ደግሞ እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪንም ሆነ ሌላ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም። መልካቸው ስለሚቀራረብ ስሙን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከእንክብል አንፃር አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ጠበል ጠጥታ የምታስመልስ፣ በተቅማጥ የተያዘች፣ ወይም በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማትቀምስ ሴት እንክብሉን መቼ ልዋጥ፣ ወጣብኝ ወይስ ቀረ እያለች ትቸገራለች። ቀለበቱ በሆድ በኩል ስለማያልፍ ማስመለስም ተቅማጥም አይነካውም።

ሐኪም ቀበሌ 18፦

ብዙ ተብሏል፤ እኔ ሁለት ነገር ብቻ። ቀለበቱ እንደ መመሪያው ከተያዘ በዓመት ከ1000 ሴቶች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው የሚያረግዙት፤ በተለመደው አያያዝ ግን ከ100ው 7 ያህል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲስተር የተናገረችው የቀን ቆጠራና የሦስት ሰዓቱ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው፣ ከጀመርሽ በኋላ የማይጠበቅ ምልክት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ ቀላል ራስ ምታት፣ ነጭ ፈሳሽ መብዛት፣ ነጠብጣብ ደም የተለመዱ ናቸው፤ ለእነዚህ ብለሽ መሐል ላይ አታውጪው። አንድ እግር ብቻ ባት ላይ አብጦ ከታመመ፣ ድንገት ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይን ከጨለመ፣ አንድ ጎን ከደነዘዘ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ፦ ቀለበቱን አውጥተሽ በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ስትደርሺ «ኤስትሮጅን ያለው ቀለበት እጠቀም ነበር» ብለሽ ንገሪያቸው፤ ካልነገርሻቸው ማንም አይገምተውም፣ ካርድሽ ላይ ያለው መርፌ ብቻ ነው። የደም መርጋቱ አደጋ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይ በጅማሬው ወራት ነው። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለሽ እንደሆነም አስቀድመሽ ንገሪ።

በዕረፍቱ ሳምንት ደም ካልመጣ፣ ቀለበቱን በትክክል ይዘሽ ከነበረ አንድ ጊዜ መቅረቱ አያስደነግጥም፤ አዲሱን በቀኑ አስገቢ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ወይም መሐል ላይ ስህተት ከነበረ የሽንት ምርመራ ይደረግ።

ማራኪ 29፦

ዛሬ ጤና ጣቢያ ግፊቴን ተለካሁ፤ 112 በ74 ነው። ዓይን ላይ የሚበራ ነገርም የለም። ቀኑን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እዩልኝ። መስከረም 19 ማስገባት፣ ጥቅምት 10 ማውጣት። ጥቅምት 17 ማስገባት፣ ኅዳር 8 ማውጣት። ኅዳር 15 ማስገባት፣ ታኅሣሥ 6 ማውጣት። አራተኛውን አልጠቀምም። አዲስ ካላገኘሁ ታኅሣሥ 13 ጤና ጣቢያ ሄጄ የክንዱን አስቀብራለሁ ወይም ወደ መርፌው እመለሳለሁ። ሁሉም ሰኞ ነው።

አዋላጅ ከአዘዞ፦

ቀኖቹ ልክ ናቸው። የመጨረሻዋን ብቻ ቀይሪያት። ታኅሣሥ 13 የሰባቱ ቀን መጨረሻ ነው፤ በዚያ ዕለት ሰልፍ ቢረዝም፣ ባለሙያዋ ባትኖር ወይም ዕቃው ቢያልቅ ማግስቱን ያለ ምንም መከላከያ ነው የምትውዪው። ታኅሣሥ 6 ሰኞ ጠዋት ቀለበቱን ሳታወጪ ሂጂ። ኢምፕላንቱ ወይም መርፌው በዚያ ዕለት ከተሰጠሽ ማታ ቤትሽ ቀለበቱን ታወጫለሽ፤ የሚጠበቅ ክፍተትም፣ ተጨማሪ ኮንዶምም የለም። አልተሳካም እንበል፤ ቀለበቱ እስከ 28 ቀን ውስጥ መቆየት ስለሚችል ሳታወጪው በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ቀን ትመለሻለሽ። የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ካርድሽን ብቻ ያዢ።

አዲስ ቀለበት ካገኘሽ ደግሞ ከፍሪጅ የወጣበትን ቀን በእስክሪብቶ ሣጥኑ ላይ ጻፊ። አራተኛውን አሁን ከሦስቱ ለይተሽ አስቀምጪው፤ ሲጣል በፎይሉ እንዳለ ወደ ቆሻሻ ነው፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይጣልም፤ ልጅ እንዳያገኘውም ከፍ አድርጊው።